ጥርስ ባዳ ነው

በሬ ሊገዛ ገበያ የወረደ ገበሬ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት የበሬውን ከንፈር ገልበጥ አድርጎ ጥርሱን ያያል። ሻጩ የፈለገውን ቢምል ቢገዘት፣ የከብት ዕድሜ ያለው ጥርሱ ላይ ነው። የበቅሎና የፈረስም እንደዚሁ። ይህን የአያት ጥበብ ይዘን ነው እንግዲህ ከተማ ገብተን መኪና የገዛነው። ጎማውን ጎንበስ ብለን እናያለን፣ ጥርሱን በጣታችን ዳበስ ዳበስ እናደርጋለን፣ "ገና ነው፣ ብዙ ይሄዳል" እንላለን። የጎማ ጥርስ ግን ስንት ኪሎ ሜትር እንደተሄደበት ይናገር እንደሆነ እንጂ ዕድሜውን አይናገርም። ለጎማ የሚስማማው ሌላው አባባላችን ነው፤ ጥርስ ባዳ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። መጀመሪያ ላይ ሰው ጎማ ያረጃል ብሎ አልተጨነቀም፤ የሚያስጨንቀው መቅለጡ ነበር። ከዛፍ የሚንጠባጠበው ወተት የመሰለ ፈሳሽ ረግቶ ጎማ ሲሆን በሙቀት ይለጠልጣል፣ በብርድ ይሰነጣጠቃል። በ1839 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ለምን እንደሆነ ኋላ ይገባችኋል) አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር ከድኝ ጋር ቀላቅሎ ሲያሞቀው የሚለጠጥም የሚጸናም ነገር አገኘ። ምን ዋጋ አለው፣ ሰውየው በ1860 ሲሞት ዕዳ ውስጥ ተዘፍቆ ነበር። በስሙ የሚጠራው የጎማ ኩባንያ የተቋቋመው እሱ ከሞተ ከ38 ዓመት በኋላ ነው፤ ከቤተሰቡም ጋር አንዳች የጥቅም ግንኙነት አልነበረውም። የፈጣሪ ዕጣ ፈንታ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው መቼም።

ድኙ የሚሠራው ሥራ የጎማውን ረጃጅም ሰንሰለቶች እርስ በርስ ማስተሳሰር ነው። ማርጀትም የሚመጣው በዚሁ በር ነው። አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን፣ ሙቀቱና ፀሐዩ ተረዳድተው ማሰሪያውን ከልክ በላይ ያጠብቁታል፤ ጎማው ይደርቃል፣ መለጠጡን ያጣል፣ ንብርብሩ እርስ በርስ የተጣበቀበት ኃይል ይደክማል። ይህ ሁሉ ታዲያ መኪናው ቆሞም ይካሄዳል።

በነፋስ የሚሞላ ጎማን ስኮትላንዳዊው ቶምሰን በ1845 ቢያስመዘግበውም ፈላጊ አላገኘም። በ1888 ደንሎፕ የተባለ የእንስሳት ሐኪም ቤልፋስት ውስጥ ለልጁ ሦስት እግር ብስክሌት ሠራ፤ ዓለም ያን ጊዜ ተቀበለው። በ1895 የሚሽለን ወንድማማቾች ከፓሪስ ቦርዶ ደርሶ መልስ በተደረገ ውድድር በነፋስ ጎማ የምትሄድ መኪና ይዘው ቀረቡ፤ ጎማው በየመንገዱ እየተነፈሰ ከተመደበው ሰዓት ውጪ ገቡ። በዚያን ዘመን የነበረ ጎማ ለእርጅና የሚበቃ ዕድሜ አልነበረውም፤ በልጅነቱ ይቀጠፍ ነበር። ጥርስ ራሱ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ 20ኛው ክፍለ ዘመን ሲብት ነው። በ1910ዎቹ ጥላሸት መሰል የካርቦን ዱቄት እየተቀላቀለበት ጎማ ጠነከረ (ጥቁር የሆነውም በዚሁ ነው)። በ1946 ደግሞ ሚሽለን ከጥርሱ ሥር የብረት ሽቦ ንጣፍ ያለውን ራዲያል ጎማ አስመዘገበ፤ የጎማ ዕድሜ ረዘመ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገለበጠው። ጥርሱ ቶሎ የሚያልቅ ጎማ እርጅናው ሳይታይ ይጣላል። ጥርሱ የማያልቅ ጎማ ግን ሽማግሌ ሆኖ መንገድ ላይ ይቀራል። ጎማው በተሻሻለ ቁጥር ጥርሱን ብቻ ማየት የባሰ ያታልላል ማለት ነው።

ሕጎቹ ግን ለረጅም ጊዜ ያዩት ጥርስ ጥርሱን ነበር። ክፋት የለውም፤ ጥርስ የሚያስፈልገው ለውሃ ነው። ደረቅ አስፋልት ላይማ የእሽቅድምድም መኪኖች ሙልጭ ባለ ጎማ አይደል የሚበሩት! ዝናብ ሲመጣ ግን ውሃውን በየሽንሽኑ አስወጥቶ አስፋልቱን የሚያስይዘው ጥርሱ ነው፤ ሽንሽኑ ከሌለ ጎማው ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፣ ፍሬን ቢረግጡት አይሰማም። በጋውን ሁሉ በተላጨ ጎማ ሲከንፍ የከረመ ሹፌር በሰኔ የመጀመሪያ ዝናብ ቦይ ውስጥ የሚገኘው ለዚህ ነው። አሜሪካ ከ1968 ጀምሮ በየሽንሽኑ መሐል 1.6 ሚሊ ሜትር ከፍታ ያላት ድልድይ እንድትሠራ አዘዘች፤ ጥርሱ ተበልቶ ከድልድይዋ ጋር ከተካከለ ጎማው አበቃለት። አውሮፓም በ1992 በዚሁ ልክ ተስማማች። አሜሪካኖች አንድ ሳንቲማቸውን ዘቅዝቀው ሽንሽኑ ውስጥ ይሰኩና የሊንከን ራስ ሙሉ በሙሉ ከታየ ጎማ ይቀይራሉ። በእኛ ከተማ ደግሞ ለቦሎ ምርመራ ጎማ ከጎረቤት ተውሶ ስለሚቀርብ ሰው ሲቀለድ እሰማለሁ።

ዕድሜስ? ዕድሜው ተጽፎ ነበር፤ የሚያነበው ጠፋ እንጂ። በጎማው ጎን "ዶት" ከሚል ምልክት ቀጥለው የሚመጡ ፊደላትና ቁጥሮች አሉ። የመጨረሻዎቹ አራት አኀዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል። ከ2000 በፊት አኀዞቹ ሦስት ብቻ ስለነበሩ 328 የሚል ጎማ የ1988 ይሁን የ1978 መለየት ያስቸግር ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን መጽሐፉን ከመተቸታችሁ በፊት ገልጣችሁ የታተመበትን ዓመት እዩ እል ነበር። ጎማም የኅትመት ገጽ አለው። ችግሩ ብዙ ጊዜ ሙሉው ጽሑፍ በአንድ ጎኑ ብቻ መኖሩ ነው፤ ያ ጎን ወደ ውስጥ ዞሮ ከታሰረ መኪና ሥር ተጋድሞ ማንበብ ሊያስፈልግ ነው።

በዚያው በ2000 ነሐሴ ላይ ፋየርስቶን 6.5 ሚሊዮን ጎማ ከገበያ እንዲመለስ ጠራ። አብዛኛው ፎርድ ኤክስፕሎረር ላይ የታሰረ ነበር። በሙቀትና በፍጥነት ጥርስ የያዘው ቆዳ ከሥሩ እየተገፈፈ መኪኖች ተገለበጡ፤ በአሜሪካ ብቻ ከ270 በላይ ሰው ሞተ። ጎማ ሠሪና መኪና ሠሪ ጥፋቱን እየተወራወሩ የኖረ ሽርክናቸው ፈረሰ። ልብ በሉ፣ የተገፈፈው ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ነው።

ከሁሉ የሚከነክነኝ ግን የእንግሊዙ ነው። በመስከረም 2012 ከሙዚቃ ድግስ የሚመለሱ ወጣቶችን የያዘ አውቶቡስ የፊት ጎማው ፈንድቶ ዛፍ ገጨ፤ ሹፌሩን ጨምሮ ሦስት ሰው ሞተ። ሲመረመር ጎማው 19 ዓመት ያለፈው ሆኖ ተገኘ። ከሟቾቹ የአንዱ ወላጅ እናት "የልጄን ያህል ዕድሜ ያለው ጎማ እንዴት ይታሰራል?" በሚል ዓይነት ክርክር መንግሥትን ዓመታት ሞገተች። ከየካቲት 2021 ጀምሮ እዚያ አገር ከአሥር ዓመት በላይ የሆነው ጎማ በጭነት መኪናና በአውቶቡስ የፊት እግር ላይ መታሰሩ ተከለከለ። ለቤት መኪና እንዲህ ያለ ክልከላ አልወጣም፤ ምክር ነው ያለው። አንዳንድ መኪና አምራቾች ስድስት ዓመት ይላሉ። ሚሽለን አምስት ዓመት ካለፈው በየዓመቱ ባለሙያ ይየው፣ አሥር ከሞላው ጥርሱ ምንም ቢያምር ይቀየር ይላል።

እኛ ጋ ጎማ ጡረታ አያውቅም። ከፊት ወደ ኋላ ይዞራል፣ ከኋላ ወደ መለዋወጫነት፣ ከዚያ ጋሪ ላይ፣ በመጨረሻም በረባሶ ሆኖ ገጠር ይወርዳል። ይህን ቁጠባ አልነቅፍም፤ በረባሶ አስፋልት ላይ በሰማንያ አይበርም። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ግቢ ውስጥ አቁሟት የሄደ፣ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የሚገርፋት፣ ለሠርግና ለቀብር ብቻ የምትወጣ መኪና። ጥርሷ ሙሉ ነው፣ "አዲስ ናት" እንላለን፣ ቤተሰቡን አሳፍረን ደብረ ብርሃን እንጓዝባታለን። ከኋላ የተቀመጠው መለዋወጫም ከእሷ ጋር ነው የሚያረጀው። ጎኑ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ወይም እብጠት ከታየማ ቁጥርም አያስፈልግም።

አቆጣጠሩን ያነሣሁት ለዚህ ነው። 2215 የሚለውን ጎማ የያዘ ሰው "የአሥራ አምስት ጎማ ነው" ቢላችሁ አልዋሸም፤ እናንተ ግን 2015 ዓ.ም. መስሏችሁ ትደሰታላችሁ። ጎማው የተሠራው በግንቦት 2007 ዓ.ም. ነው። ሰባት ስምንት ዓመት በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ጠፋ ማለት ነው።

በቅርቡ አራት ጎማ ገዝቼ ቁጥሩ ያለበትን ጎን ወደ ውጭ አድርጎ እንዲያስርልኝ ጎሚስታውን ጠየቅሁት። ልጁ ቸርኬውን እያጸዳ ቀና ብሎ አየኝ።

"ጋሼ፣ ደግሞ ማን ሊያነበው ነው?"

"እኔ።"

ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ገለበጠው።