ተኩላ፣ ቀበሮና ጅብ፤ የስሞቹ ታሪክና የተርጓሚው ችግር

በዕብራይስጥ «ዝኤብ»፣ በዐረብኛ «ዚእብ» የሚባለው አውሬ ተኩላ ነው። የግእዙ «ዝእብ» ከእነዚህ ጋር አንድ ሥር ያለው ሲሆን፣ የሚጠራው ግን ጅብን ነው፤ የአማርኛው «ጅብ»ም የተገኘው ከዚሁ ቃል ነው። ጅብ መልኩ ውሻ ይምሰል እንጂ ከውሻ አስተኔ አይቈጠርም፤ በዝምድና የሚቀርበው ለድመት ወገን ነው። እንግዲህ የቃላት ዝምድናና የእንስሳት ዝምድና ሁልጊዜ ጐን ለጐን አይሄዱም።

ቅዱሳት መጻሕፍትን ከጽርእ ወደ ግእዝ የመለሱት ሊቃውንት ለ«ሊቆስ» አቻ አድርገው የያዙት «ተኵላ»ን ነው። ይሁንና የጽርኡ ግራጫ ተኩላ በአገራችን አይገኝም። አማርኛ ተናጋሪው አዳኝ «ተኩላ» የሚለው በመንጋ የሚያድነውን ዝንጕርጕር የዱር ውሻ ነው። ስለዚህ በመጽሐፍ አንድ ተኩላ፣ በዱር ሌላ ተኩላ አለን። «ቀበሮ»ም ቢሆን ሰፊ ነው፤ እንግሊዝኛ በሁለት ስም የሚለያቸውን ወገኖች በአንድነት ያቅፋል።

ችግሩ ጐልቶ የሚታየው በቀይ ቀበሮ ላይ ነው። ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል ከስሜን አግኝቶ የገለጸው ይህ እንስሳ፣ «ካኒስ ሲመንሲስ» የሚለው የሳይንስ ስሙ በ1840 ተመዝግቧል (ዘመኖቹ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። እንግሊዝኛ ግን ሲያሻው በቀበሮ፣ ሲያሻው በተኩላ ስም ሲጠራው ኖሯል። በ1994 የወጣ የዘር ጥናት ለግራጫው ተኩላና ለሰሜን አሜሪካው ኮዮት እንደሚቀርብ ካሳየ ወዲህ የተኩላነቱ ስም በረታ። ተርጓሚውም ይህን ተከትሎ «የኢትዮጵያ ተኩላ» ማለት ይቃጣዋል።

በእኔ አስተያየት ይህ ስሕተት ነው። ቀይ ቀበሮ ብቻውን እየዞረ በዋናነት ፍልፈልና አይጥ የሚያድን እንስሳ ነው፤ «ተኩላ» ሲባል ግን አርብቶ አደሩ የሚያስበው መንጋውን የሚፈጅበትን አውሬ ነው። ለአካለ መጠን የደረሱት ቀይ ቀበሮዎች ወደ አምስት መቶ ብቻ ሆነው ሳለ፣ «ተኩላውን ጠብቁ» የሚል ማስታወቂያ ምን ያህል ሰሚ ያገኛል? ኦሮምኛም «ጄዳላ ፈርዳ»፣ ማለትም የፈረስ ቀበሮ ይለዋል፤ የምትወልድን ባዝራ እየተከተለ የእንግዴ ልጇን ይበላልና። ሁለቱ ቋንቋዎች፣ እንስሳውን በቅርብ የሚያውቁት፣ በቀበሮነቱ ተስማምተዋል።

በ1840ው ስም ላይ የደረሰው በ2015 በሌላም ደርሷል። ከእስያው ቀበሮ ጋር አንድ ዝርያ ተደርጎ ይቈጠር የነበረው የአፍሪካ ወርቃማ ቀበሮ፣ ራሱን የቻለ ዝርያ ሆኖ ለተኩላ ቅርብ መሆኑ ታወቀ። በየምርምሩ ውጤት የሕዝብን ስም እንለውጥ ብንል መዝገበ ቃላቱ ዕረፍት አያገኝም። የዝምድናውን ነገር የሳይንስ ስሙ ይሸከመው፤ በአማርኛው መፍቻ «ቀይ ቀበሮ» ጸንቶ ይቈይ፤ ለዱር ውሻውም «ተኩላ» ከሚለው አጠገብ «የዱር ውሻ» ይግባለት። በአገራችን የሌለው ኮዮት፣ ከናዋትል ቋንቋ በስፓኝ በኩል ዓለምን ባዳረሰው ስሙ ይጻፍ፤ «የአሜሪካ ቀበሮ» ማለት ሌላ ጥል መጥራት ነው።