ከመለከቱ ግራሞፎን እስከ አልማዙ መርፌ

ሸክላ ማጫወቻ በየቤቱ ሲታደስና ሲለወጥ የኖረበትን ታሪክ ስንመረምር፥ አዲሱ መሣሪያ ለጆሮ ያተረፈውን ብቻ ሳይሆን በሸክላው ላይ ያደረሰውንም ጉዳት አብረን ማየት ይገባናል። (የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።)

ቶማስ ኤዲሰን በ1877 ፎኖግራፍን ሲሠራ ድምፁ የተቀረጸው ስስ የቆርቆሮ ቅጠል በተጠመጠመበት ሲሊንደር ላይ ነበር። ከ10 ዓመት በኋላ ኤሚል በርሊነር ግራሞፎንንና ጠፍጣፋውን ሸክላ አመጣ። የነጋድራስ ተሰማ እሸቴም ድምፅ በ1908 በርሊን ላይ የተቀረጸው በዚሁ በጠፍጣፋው ሸክላ ነው።

የጥንቱ ግራሞፎን በእጅ ተጠምዝዞ በሞላ ኀይል የሚዞር ስለ ነበረ ኤሌክትሪክ አያሻውም፤ በመለከቱ የሚወጣው ድምፅ በሙሉ የሚመነጨው ከመርፌው መንቀጥቀጥ ነው። በዚህም ምክንያት መርፌውን የሚሸከመው ራስ ከባድ ሆነ። ሸክላው ራሱ የድንጋይ ዱቄት የተቀላቀለበት ነበርና የብረቱን መርፌ እየሞረደ በቦዩ ልክ ያስተካክለዋል። ስለዚህ 3 ደቂቃ ያህል የሚዘልቀው አንዱ ገጽ ባለቀ ቍጥር መርፌ መለወጥ ግድ ነበር። ይህን ደንብ የሚንቅ ሰው ለመርፌ የሚያወጣውን ጥቂት ገንዘብ አተረፍሁ ሲል ሸክላውን ያጣ ነበር።

በ1948 የኮሎምቢያ ኩባንያ በደቂቃ 33 ከሢሶ ጊዜ የሚዞረውን ረጅም ሸክላ፥ በ1949 ደግሞ አር ሲ ኤ ቪክተር ባለ 45ቱን አወጡ። ሁለቱም ከቪኒል የተሠሩ ለስላሶች ናቸው። ቦያቸው ስለ ጠበበ የመርፌው ጫፍ ከኢንች 3 ሺሕኛ ወደ 1 ሺሕኛ ወረደ። አዲሱን ሸክላ ገዝቶ በአሮጌው ከባድ ራስ ሥር ያኖረ ሰው ግን ዘፈኑን ሲሰማ ሳለ ያርሰው ነበር። በ1958 ስቴሪዮ ሸክላ ለገበያ በወጣ ጊዜም ይኸው ነገር ተደገመ፤ የስቴሪዮ መርፌ ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን ወደ ላይና ወደ ታችም መንቀሳቀስ ስላለበት፥ ወደ ላይ የማይታዘዘው የቀድሞው ራስ ቦዩን ይፍቀው ነበር።

በአገራችን አምኃ እሸቴ በ1969 የሸክላ ሥራውን ሲጀምር ዘፈኖቹ የወጡት በባለ 45ቱ ነው። ዛሬ ከነዚያ አንዱን አግኝተን ስናጫውተው ሲንሿሿ ብንሰማ፥ እርጅናንና አቧራን ብቻ ልንወቅስ አይገባንም። በእኛ አስተያየት ትልቁ ጥፋት ያለቀ መርፌን ሳይለውጡ ማጫወት ነው። ትልልቅ ድምፅ ማጉያ ለመግዛት የሚሽቀዳደም ሰው ብዙ ነው፤ ስለ መርፌው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ሰንፔር ከአልማዝ እጅግ ቀድሞ ያልቃል፤ አልማዝም ቢሆን ያልቃል።

ሆኖም የተጎዳ ሸክላ ሁሉ የጠፋ አይደለም። 2 ግራም ያህል ብቻ የሚጫን፥ ጫፉም በልዩ ቅርጽ የተሞረደ የአልማዝ መርፌ፥ አሮጌው መርፌ ካልነካው የቦዩ ግድግዳ ላይ ያርፍና ከሹክሹክታው ሥር የዘፋኙን ድምፅ አንዳንድ ጊዜ ጥርት አድርጎ ያወጣዋል።