ግዮንን ከጣና ያራቁ የአምስተርዳም ካርታዎች

ከወረታ ተነስቶ የፎገራን ሜዳ ይዞ ወደ ምዕራብ የወረደ ሰው፣ የሩዝ ማሳውን ሲጨርስ ጣና ዳር ይደርሳል። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ ውሃው ሲጎድል ደግሞ ገበሬው ባሕር ሸሹን እየተከተለ ይዘራል። ሁለቱም ወንዞች ጣና ገብተው ባሕር ዳር ላይ ከዓባይ ጋር ይወጣሉ። ዓባይ ለአገሬው ሰው ግዮን ነው፤ ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ቁጥር 13 ላይ የኢትዮጵያን ምድር እንደሚከብ የተጻፈለት ወንዝ።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን አምስተርዳም ውስጥ ባለካርታ መጽሐፍ ቅዱስ የገዛ ሆላንዳዊ ግን ግዮንን የሚያገኘው በባቢሎን አካባቢ ነበር። ሰባኪውና ካርታ ሠሪው ፔትሩስ ፕላንሲየስ ከ1590 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጽሐፍ ቅዱስ ካርታዎችን አሳትሟል። እነዚያ ዓመታት፣ ከፎገራ በስተሰሜን እንፍራንዝ አጠገብ ያለውን የጉዛራን ግንብ እንዳሠሩ የሚነገርላቸው የዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን ነበሩ። በ1637 መንግሥት ያስተረጎመው የሆላንድኛ መጽሐፍ ቅዱስ ከወጣ በኋላ፣ የቪስሸር ቤተሰብ ማተሚያ የገነት፣ የዘፀአት፣ የከነዓንና የቅዱስ ጳውሎስ ጉዞ ካርታዎችን አዘጋጅቶ ከመጽሐፉ ጋር እንዲጠረዙ ይሸጥ ጀመር።

ካርታዎቹ እጅግ ያምራሉ። በዘፀአቱ ካርታ የእስራኤል መንገድ ከግብፅ ተነስቶ ቀይ ባሕርን ይሻገርና በዘኁልቍ 33 የተዘረዘሩትን ሰፈሮች እየነካ እስከ ሞዓብ ይዘልቃል። ከቤቱ ወጥቶ የማያውቅ አንባቢ መንገዱን በጣቱ እየተከተለ ከሙሴ ጋር ይጓዛል። የገነቱ ካርታ ግን የፕሮቴስታንቱን ሊቅ የካልቪንን ሐሳብ ተከትሏል። ካልቪን በ1554 ባሳተመው የዘፍጥረት ትርጓሜ፣ አራቱ ወንዞች አንድ ስፍራ መገናኘት አለባቸው ብሎ ግዮንንና ፊሶንን የኤፍራጥስና የጤግሮስ ቅርንጫፎች አደረጋቸው። የኢትዮጵያ ስም በጥቅሱ ውስጥ እያለ ኢትዮጵያ ከካርታው ወጣች። ይህ አተረጓጎም እኔን አያሳምነኝም። ዓባይ ከሰከላ ግሽ ፈልቆ፣ ጣናን አልፎ፣ ጎጃምን ዞሮ ሲሄድ ላየ ሰው «ይከባል» የሚለው ቃል በዓይን የሚታይ ነገር ነው።

በዚያው በአምስተርዳም የታተመው የብላው አትላስም አገራችንን የቄሱ ንጉሥ ዮሐንስ ግዛት ብሎ ከምድር ወገብ በታች ድረስ ለጥጧት ነበር። ይህን ስሕተት ካረሙት አንዱ የአማራ መካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። በ1649 ሮም ላይ ከጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተዋወቁ፤ በ1652 ደግሞ ጎታ ድረስ ሄደው ስለ አገራቸው አስረዱት። ሉዶልፍ ከእሳቸው የሰማውን ከኢየሱሳውያን (ጀስዊት) ሚስዮናውያን ካርታ ጋር አስተያይቶ በ1683 ባወጣው ካርታ ዓባይ ጎጃም ውስጥ ይነሳል፣ ጣናን ያቋርጣል፣ ጎጃምንም ይዞራል። አባ ጎርጎርዮስ ይህን ሳያዩ በ1658 ባሕር ላይ ሰጥመው ሞቱ። ስማቸው ከሉዶልፍ ስም እኩል ቢነሳ ይገባቸዋል።

አንድ ካርታ ግን እስካሁን ይናፍቀኛል። በጣና ምሥራቃዊ ዳር ያለችው የጣና ቂርቆስ መነኮሳት ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመሄዷ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት ደሴታቸው ላይ እንደቆየች፣ እመቤታችንም ከልጇ ጋር በስደቷ ወራት ሦስት ወር ከዐሥር ቀን እንዳረፈችባት ይተርካሉ። እነዚህን መንገዶች ቪስሸር አልሣላቸውም፤ ሊሥላቸውም አይችልም ነበር። ከኢየሩሳሌም እስከ ጣና ቂርቆስ፣ ከጋዛ መንገድ እስከ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ አገር ያለውን ጉዞ፣ ርብንና ጉማራን ሳይዘነጋ፣ በአማርኛ የሚሥል የእኛ ባለሙያ ያስፈልጋል።