ግዝት ጣራ አይከድንም፦ የዘጌ ገዳማት ጥበቃና የተዘነጋው ጉልበት

በጣና ሐይቅ የሚገኘው የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ገዳማትና ደናቸው እስከ ዛሬ እንዴት ቆዩ ለሚለው ጥያቄ የተለመደው መልስ ግዝት ነው። በትውፊቱ መሠረት አቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን ስለተቀበሉ በባሕረ ገብ መሬቱ በበሬ አይታረስም፤ ነዋሪው በቡና፣ በጌሾና በፍራፍሬ ይተዳደራል። ስለ ሐይቁ አብያተ ክርስቲያናት ቺዝማን (እ.ኤ.አ. 1936)፣ ስለ ሥዕሎቻቸው ክሌር ቦስክ ቲዬሴ (እ.ኤ.አ. 2008) በሰፊው ጽፈዋል፤ ከእነርሱ ጋር ክርክር የለኝም።

ክርክሬ ከቶም ቦይልስተን ጋር ነው። «ዘ ስትሬንጀር አት ዘ ፊስት» (እ.ኤ.አ. 2018) የተባለው መጽሐፉ በዘጌ ላይ ከተጻፉት ሁሉ ጥልቁ ሥራ ነው። ለባርነትና ለቡና አንድ ምዕራፍ መስጠቱም አይካድም። ሆኖም የመጽሐፉ አከርካሪ ክልከላ ነው፦ ጾሙ፣ የመቅደሱ ድንበር፣ የእርሻው ግዝት። ግዝት ግን በበሬ ማረስን ይከለክላል እንጂ ጣራ አይከድንም። በዑራ ኪዳነ ምሕረትና በአዝዋ ማርያም ገዳማት ጎብኚ የሚያደንቃቸው ሥዕሎች በጨርቅ ላይ ተሥለው በመቅደሱ የጭቃ ግድግዳ ላይ የተለጠፉ ናቸው። ጣራው ካፈሰሰ ጭቃው ይርሳል፣ ጨርቁም ይላቀቃል። የሣር ክዳን በየጊዜው መታደስ ነበረበት፤ ቆርቆሮም ጠባቂ ይፈልጋል። እንግዲህ ጥያቄው ማን ከለከለ ሳይሆን ማን ሠራ፣ በምንስ ተከፈለው ነው።

መልሱ የሚጀምረው ጥበቃን የሚያወሱ ጽሑፎች ከሚያልፉት ምንጭ ነው። አብዱሰመድ አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት እ.ኤ.አ. ከ1900 እስከ 1935 የዘጌ ቡና በባርነት በተያዙ ሰዎች ጉልበት ይለማ እንደነበር፣ ከባለቤቶቹም መካከል ካህናት እንደነበሩ አሳይተዋል። ገዳማቱን ያቆመውን ሀብት ያፈራው ጉልበት በከፊል የግዳጅ ነበር ማለት ነው። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ዛሬ በሰበካ ጉባኤና በሰንበቴ ማኅበር የሚሰጠውን ነፃ ጉልበት ከአቡነ በትረ ማርያም ዘመን ሳይቋረጥ የወረደ አድርጎ ማቅረብ ታሪኩን ማሳጠር ነው።

ባሪያዎቹ የሠሩት ለቡናው እንጂ ለቤተ ክርስቲያኑ አይደለም የሚል ይኖራል። ቡናው የካህናቱ መተዳደሪያ ከሆነ ልዩነቱ የስም ብቻ ነው። የየደብሩ መዝገብ ሲመረመር ዝርዝሩ ሊስተካከል እንደሚችል እቀበላለሁ፤ አቅጣጫው ግን የሚለወጥ አይመስለኝም።

የጣና ሐይቅ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል፤ ጎብኚም ወደ ገዳማቱ ለመግባት ይከፍላል። ገዳማቱን የሚመለከት ማንኛውም የጥበቃ ዕቅድ ከእንግዲህ ክልከላውን ብቻ ሳይሆን የአገልጋዩንና የምእመኑን የሥራ ቀን በመዝገብ ያስፍር፤ ከጎብኚ ከሚገባው ገንዘብም ለዚህ ጉልበት ድርሻ ይመድብ።