የእንስራው ላብ፦ ከሸክላ ሠሪዋ ደጃፍ እስከ ውሃ ማጣሪያው

ሞጣና ቢቸና ያደግን ሁሉ የእንስራ ውሃ ቅዝቃዜ አይረሳንም። ፀሐዩ አናት ሲበሳ እንኳ ለመጠጥም ለዉዱእም የሚሆነው ውሃ ጥግ ላይ ቀዝቅዞ ይጠብቀን ነበር። ምስጢሩ ምንድን ነው? እንስራው ያልበዋል። ሸክላ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት፤ ውሃው በእነሱ ሾልኮ ውጭውን ያረጥባል፣ ሲተንም ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ዛሬ የምናወጋችሁ የእነዚህን ቀዳዳዎች ታሪክ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የለንደን ሕዝብ የከተማው ቆሻሻ ከሚደፋበት ከቴምዝ ወንዝ ይጠጣ ነበር። የዶልተን ቤተሰብ ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ፤ ከዚያው ከሙያቸው የውሃ ማጣሪያ ሠርተው ይሸጡ ጀመር። የቤቱን ልጅ ሄንሪ ዶልተንን ንግሥት ቪክቶሪያ በ1887 እ.ኤ.አ. «ሰር» በሚል ማዕረግ አከበረችው። በፈረንሳይ ደግሞ የሉዊ ፓስተር ረዳት ሻርል ሻምበርላን በ1884 ባክቴሪያን የሚያስቀር የፖርሴሊን ማጣሪያ ሠራ። በ1892 ሩሲያዊው ኢቫኖቭስኪ የታመመ የትምባሆ ቅጠል ጭማቂ በዚህ ማጣሪያ አሳለፈ፤ ተጣርቶ የወጣው ግን አሁንም በሽታውን አስተላለፈ። ከባክቴሪያ ያነሰ ነገር፣ ኋላ ቫይረስ የተባለው፣ መኖሩ የተጠረጠረው እንዲህ ነው።

በዚያው ዘመን የእኛዋ ሸክላ ሠሪ ምን ትባል ነበር? «ቡዳ»። እንስራዋ ይፈለጋል፣ እሷ ግን ለጋብቻ አትፈለግም። ብረት ቀጥቃጩ «ጠይብ»፣ ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ይሰደብ ነበር። ይህ እኛንም በቀጥታ ይነካናል። በሰሜኑ አገር አብዛኛው ሙስሊም ርስት ተከልክሎ በሽመናና በንግድ ነበር የሚኖረው፤ መሬት ለአራሹ የታወጀው በ1967 ዓ.ም. ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሙያተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል። አዋጁ ወጣ፣ ስድቡ ግን አልቆመም። የተሰደበ ሙያ ደግሞ ልጅ አይወርሰውም፤ ቢወርሰውም ለማሻሻል ወኔ አያገኝም።

ሌላው ዓለም ግን አላቆመም። በ1981 እ.ኤ.አ. ጓቲማላዊው ኬሚስት ፌርናንዶ ማሳሪዬጎስ የድሃ ቤት ማጣሪያ አዘጋጀ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ጭቃው ከደቀቀ የእንጨት ብናኝ ጋር ይቦካል፣ ቅርፅ ይይዛል፣ ይተኮሳል። ብናኙ እሳት ውስጥ ተቃጥሎ ያልቅና በቦታው ጥቃቅን ቀዳዳ ይተዋል። ባክቴሪያን እንዲገድል ብር ይቀባል። በሰዓት ከ1 እስከ 3 ሊትር ያህል ያወርዳል። ከ1998 በኋላ ሮን ሪቬራ የተባለ ሰው ይህን ሙያ በብዙ አገር ላሉ የመንደር ሸክላ ሠሪዎች አስተምሯል።

ዛሬ በትልልቅ የውሃና የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያዎች የሚገባው የሴራሚክ ሜምብሬንም የዚሁ ዘር ነው። ከአሉሚኒየም ኦክሳይድ ዱቄት ይሠራል፤ ቀዳዳው የማይክሮን ክፋይ ነው፣ ባክቴሪያ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 1 ማይክሮን ገደማ ይሆናል። ከፕላስቲኩ ሜምብሬን ይወደዳል፤ ግን ሙቀትን፣ አሲድንና ክሎሪንን ስለሚችል እየታጠበ ለብዙ ዓመት ያገለግላል።

ሸክላ ሁሉን ያጣራል አንልም። የሟሟ ጨውና ፍሎራይድ ያልፉታል፤ የቤቱ ሸክላ ለቫይረስ አያስተማምንም፤ የተሰነጠቀማ ዋጋ የለውም። ሆኖም ጮቄን የሚያህል የውሃ ማማ ጎናችን እያለ ታይፎይድና ተቅማጥ ልጆቻችንን ሲያስተኛ፣ ከደጃችን ያለውን ጭቃና ሙያ መናቅ አያምርብንም።

ኢንጂነሪንግና ኬሚስትሪ የምትማሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ለእረፍት ስትመጡ በገበያ ቀን ወደ ሸክላ ተራ ጎራ በሉ። እንስራ ከምትሸጠዋ እናት አጠገብ ተቀመጡና ጭቃውን ከየት እንደምታመጣ፣ በምን እንደምታቦካው፣ ስንት ሰዓት እንደምትተኩሰው ጠይቋት። እናንተ የቀዳዳውን ልክ ታውቃላችሁ፤ እሷ ጭቃውን ታውቃለች። እስከ ዛሬ የጎደለን የሁለታችሁ መገናኘት ነው።