ጭራቁን ያስጨፈረው ቦቢ

እስቲ ጆሮ ስጡኝ የሚዛን ሰዎች፤ ቴፒዎችም ጠጋ በሉ! እኛ ዘንድ ቡናው ቀልቶ በሚለቀምበት ወቅት፣ ጥቅምት 21 ግድም፣ አሜሪካኖች ሃሎዊን የሚሉት በዓል አላቸው። ልጅ አዋቂው ጭራቅ መስሎ ይወጣል። እኛ «ጅብ መጣ!» እያልን ልጅ እናስተኛለን፤ እነሱ ጅቡን ያስጨፍሩታል በሉት። የዚያ ጭፈራ አውራ ቦቢ ፒኬት ነው።

አባቱ ሲኒማ ቤት ያስተዳድሩ ነበር። ልጅ ቦቢ አስፈሪ ፊልም ሲያይ አደገ፤ በፍራንከንስታይን ፊልም ጭራቁን ሆኖ የተወነውን የቦሪስ ካርሎፍን ድምፅም ቁጭ አድርጎ ማስመሰል ቻለበት። ጎርምሶ ከጓደኞቹ ጋር ሲዘፍን፣ አንድ ምሽት በፍቅር ዘፈን መሀል ያለችውን ንግግር በካርሎፍ ድምፅ ለቀቃት። ታዳሚው በሳቅ ፈረሰ!

እ.ኤ.አ. በ1962 አሜሪካን የያዛት «ማሽድ ፖቴቶ» የሚባል ጭፈራ ነበር። ቦቢና ጓደኛው ሌኒ ካፒዚ ጭራቁን በዚያው ምት አስገቡትና «ሞንስተር ማሽ» ተወለደ። የዘፈኑን ድምፆች አሠራር ስሙልኝማ! የሬሳ ሣጥን ሲከፈት ሲጢጥ የሚለው፣ ከሳንቃ የሚነቀል የዛገ ምስማር ነው። ድስቱ የሚንተከተከው ውሃ ውስጥ በስትሮ ሲነፉ ነው። ሰንሰለቱ ብቻ የምር ሰንሰለት ነው፤ ወለል ላይ ጣሉት። አሳታሚዎች «አንፈልግም» ቢሉ፣ ፕሮዲዩሰሩ ጌሪ ፓክስተን ራሱ አሳተመው። ጥቅምት ላይ አንደኛ ወጣ! የእንግሊዙ ቢቢሲ ግን «ሞት ሞት ይሸታል» ብሎ አላስተላልፍም አለ።

ከዚያ ወዲያ ጭራቁ በየአዲሱ ዘፈን ልብስ መቀያየር ያዘ። በዚያው ዓመት ገናን አከበረ። በ1964 «ስዊም» የሚባል ጭፈራ ሲመጣ ዋና ገባ። በ1985 ራፐር ሆነ፤ በ2005 ደግሞ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ዘፈነ። ከሁሉ የሚገርመኝ የ1965ቱ ነው፤ ራሱ ካርሎፍ ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ «ሞንስተር ማሽ»ን ተጫወተ። የተመሰለው ሰውዬ አስመሳዩን አስመሰለ ማለት ነው!

ሰው ግን አዲሱን ልብስ ከቁም ነገር አልቆጠረውም። በ1973 አሮጌው ዘፈን ከነምስማሩ ተመልሶ አሜሪካ ውስጥ አሥሩ ምርጦች ውስጥ ገባ፤ ያው ከልክላው የነበረችው እንግሊዝም ሦስተኛ አወጣችው።

ቦቢ በ2007 በደም ካንሰር አረፈ፤ ዕድሜው 69 ነበር። ሃሎዊን በመጣ ቁጥር ሬዲዮኑ ዛሬም የ1962ቱን ያሰማል። ራፑን? እኔም ፈልጌ ነው ያገኘሁት።