ፊደልና ቀለም፦ ከሐረር እስከ እጅ ስልክ

በቋንቋችን ቀለም ማለት ቀይና አረንጓዴ ብቻ አይደለም። በብራና ላይ የሚሰፍረውም ቀለም ነው፤ ትምህርቱም ቀለም ነው፤ ስንኝ የምንመጥንበትም ቀለም ነው። ስለዚህ ፊደልን ከቀለም ጋር ማዛመድ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ «አናባቢዎች» በተሰኘው ግጥሙ ለአምስቱ የላቲን አናባቢዎች ለየራሳቸው ቀለም ሰጥቷቸዋል። ግጥሙ እ.ኤ.አ. በ1883 ፓሪስ ላይ ሲታተም፣ ቅኔን እርግፍ አድርጎ የተወው ገጣሚ ሐረር ተቀምጦ ቡናና ቆዳ ይነግድ ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ የዛሬው እጅ ስልክ ይህንኑ በስሌት ይሠራዋል። ፎቶ በሌለው ወዳጃችን ስም አጠገብ የምትታየው ባለቀለም ክብ ከስሙ ፊደላት ልትመነጭ ትችላለች። ቃልን በስሌት ወደ ቁጥር የመለወጡን ዘዴ የአይ.ቢ.ኤም. ባልደረባ የነበረው ሀንስ ፒተር ሉን እ.ኤ.አ. በ1953 በጽሑፍ አቅርቦት ነበር። የእኛም ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ለእያንዳንዱ ሆሄ ቁጥር ደረሰው፤ ሃሌታው «ሀ» 4608፣ ሐመሩ «ሐ» 4624 ሆኑ። በጃቫ ደንብ የመጀመሪያው ሆሄ ቁጥር በ31 ይባዛል፤ ቀጣዩ ይደመርበታል፤ ድምሩ ዳግመኛ በ31 ይባዛል፤ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ሆሄ ይዘልቃል። ከውጤቱም ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ከ0 እስከ 255 የሚደርስ ድርሻ ይወጣል።

አንድ ምሽት ወረቀት ይዤ አሰላሁት። «ሐረር» 4,592,405 ሆነ፦ ቀይ 70፣ አረንጓዴ 19፣ ሰማያዊ 21፤ የተቆላ ቡና የመሰለ ጥቁር ቀይ። «ሀረር» ግን 4,577,029 ሆነ፦ ቀይ 69፣ አረንጓዴ 215፣ ሰማያዊ 5፤ የለመለመ አረንጓዴ። አንድ ከተማ፣ አንድ ድምፅ፣ ሁለት ቀለም!

ተገርሜ ፈገግ ልል ስል አንዲት እናት ትዝ አሉኝ። እኔ የባንክ ጸሐፊ ነኝ። የእኚያ እናት ስም በቁጠባ ደብተራቸው በ«ሐ»፣ በመታወቂያቸው በ«ሀ» ተጽፎ ነበር። «እማማ፣ ስሙ አይገናኝም» ብዬ ያለ ገንዘብ መለስኳቸው። እርሳቸውም «ልጄ፣ ስትጠራኝ ልዩነቱ ይሰማሃል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ ሲባል ዘወትር እቃወማለሁ፤ ዛሬም ሐሳቤን አልለወጥኩም። የየፊደሉ መልክ የየቃሉን ትውልድ ይነግረናልና። ነገር ግን መኪና ድምፅ አይሰማም፤ የሚያየው ቁጥር ብቻ ነው። ሰውን ከሰው ለመለየት ሲሆን፣ ስሌቱ ከመጀመሩ በፊት ሞክሼዎቹን ወደ አንድ ሆሄ መመለስ ለፕሮግራም ጸሐፊው ጥቂት መስመር ብቻ ይጠይቀዋል። ጽሑፉ እንዳለ ይቆያል፤ ሰውየውም አንድ ሰው ሆኖ ይቀራል።

መኪናው ይህን የሚያደርገው ካዘዙት ነው። እኔ ግን ጆሮ ነበረኝ። ያን ቀን ልሰማበት ይገባኝ ነበር።

ቸር ይግጠመን።